ያልዞረው ሳህን

በሊናው ደሴት አንዱ ከማዕድ ተነስቶ መንገድ ከወጣ፣ ቁጭ ብለው የሚበሉት ሳህናቸውን ያዞሩለታል። አንድ ሙሉ ዙር። ሳህኑ ካልዞረ መንገደኛው በሰላም አይገባም፤ ይህንን ጡት ያልጣለ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ሲዮንም ታውቀዋለች። ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ ለወጣ ለሄደው ሁሉ ስታዞር ኖራለች፤ ለምትጠላቸው ሳይቀር፣ ድምፅ ለመለመን ለሚመጡ ፖለቲከኞች ሳይቀር። የዚያን ቀን ጠዋት ግን አላዞረችም።

ያላዞረችው ለኡርሱላ ነው፤ ለሟች ባሏ እህት።

ሁለቱም ባሎቻቸውን ቀብረው በአንድ ጣሪያ ሥር ከተጠቃለሉ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ሲዮን ዓሣ ታደርቃለች፣ ኡርሱላ ትሸጣለች። ሳይነካከሱ የዋሉበት ቀን የለም። ጎረቤቱ ጩኸታቸውን እንደ አውራ ዶሮ ጩኸት ለምዶታል፤ የሚደነግጠው ዝም ሲሉ ነው።

አምስት ቀን ሙሉ አውሎ ነፋስ ባሕሩን ዘግቶት ነበር። በስድስተኛው ቀን የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች አንዲት ጀልባ ብቻ እንድትሻገር ፈቀዱ፤ አርባ አራት ሰው፣ ከዚያ በላይ አንድም። ዝርዝሩ በዋዜማው ሞላ። ሲዮን ተመዝግባለች፤ የዓይኗን ሞራ የሚገፈው ሐኪም ማዶ ከተማ የሚመጣው በሦስት ወር አንዴ ነው። ኡርሱላ ግን የለችበትም። ጠዋት ላይ ከማዶ ስልክ ተደወለ። ሦስት ፅንስ የጨነገፈባት ልጇ ምጥ ይዟታል።

«ስምሽን አውሺኝ» አለች ኡርሱላ ቁርስ ላይ፣ ሩዝ እንደጎረሰች።

«ስም ድስት ነው እንዴ የሚዋሱት?»

«አምና ለጎረቤታችን ለቴሪንግ አውሰሽ የለ? ለእኔ ሲሆን ነው ድስት የሆነው?»

ሲዮን ተነሳች፤ ከቅዱሱ ምስል ሥር መታወቂያዋን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «ያውልሽ። ዓይኔ ሦስት ወር ቢቆይ አይፈርስም፤ የልጅ ልጅሽ ግን አንዴ ነው የሚወለደው። ፎቶው ላይ አፌን ዘግቻለሁ። አንቺም አፍሽን ከዘጋሽ ማንም አይለየንም፤ ችግሩ አትዘጊውም።»

ኡርሱላ ምስጋና የሚባል ነገር ሲፈጥራት የላትም። ሩዟን ግማሽ ትታ ብድግ አለች፤ መታወቂያውን ጡቷ ሥር ወሸቀች፤ ጓዳ ገብታ ነጩን ጀሪካን አንጠልጥላ ወጣች። ሲዮን በጨው አብላልታ ለራሷ ያስቀመጠችው ዓሣ ነው፤ ግማሽ ድረስ ያለው፣ የመጨረሻው።

«አስቀምጪው!»

«ለአራስ ነው!»

«አራስ ይሄን ትብላ ያለሽ ማነው? ልጅቷን ልትገያት ነው?»

«እስኪ አንድ ቀን እንኳ ከልብሽ ስጪ!» ኡርሱላ በሩ ላይ ደርሳለች። «ሳህንሽን አዙሪልኝ!»

«ለሌባ ሳህን አላዞርም!»

እውነትም አላዞረችም። ሩዟን ጨረሰች፣ ጣቷን ላሰች፣ ሳህኑን እንደነበረ ትታ ዓሣዋን ልታሰጣ ወረደች።

በሊናው ስም እንደ ጃንጥላ ነው፤ ዝናብ የያዘው ይዋሰዋል። አባት በልጁ ስም ይሳፈራል፣ ወንድም በወንድሙ። ወደቡ ላይ ተሳፋሪ የምትቆጣጠረው የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ጆቪታ የምትባል ከሌላ ደሴት የመጣች ልጅ ናት፤ ጠንቃቃ ናት፣ የማታየው የለም። «ኮንሶላሲዮን አቡዳ!» ብላ የሲዮንን ሙሉ ስም ጠራች። «አለሁ!» አለች ኡርሱላ። ጆቪታ መታወቂያውን አየች። ፎቶው ላይ ያለችው ሽበታም፣ ጠይም፣ ኮስታራ አሮጊት ናት። ፊቷ የቆመችውም ሽበታም፣ ጠይም፣ ኮስታራ አሮጊት ናት። ምን ታድርግ? አሳለፈቻት።

ጀልባዋ በአራት ሰዓት ተነሳች። በአምስት ሰዓት፣ መሻገሪያው መሐል ስትደርስ፣ ከየት መጣ ያልተባለ ነፋስ ከጎኗ ተዘርግቶ ሚዛኗን የሚጠብቀውን የቀርከሃ ክንፏን ሰበረው። የእነዚያ ጀልባዎች ነፍስ ክንፋቸው ላይ ነው። ሆዷን ለሰማይ ሰጥታ ተገለበጠች።

ሲዮን የምትሠራው ከደሴቱ ጫፍ፣ ሰው ከማይደርስበት ነውና ወሬው የደረሳት ከቀኑ ስምንት ሰዓት አልፎ ነው። ዓሣ ጫኝ ሞተረኛ ሲያልፍ ጮኾ ነገራት፤ ቆሞም አልጠበቃት። የጨበጠችውን ዓሣ ሳትጥል ሮጠች። በሩጫ መሐል ያንን ሳህን በሐሳቧ አየችው፤ ጠረጴዛው ላይ፣ እንደነበረ። ከዚያ በኋላ መንገዱን አላየችውም።

ወደቡ ላይ ስትደርስ አገሩ ሌላ አገር ሆኗል። ከማዶ የመጣው ልዩ ቡድን ድንኳን ተክሏል። መርከብ ሲሰምጥ፣ ሲቃጠል፣ ወንበዴ ሲወጣበት የሚጠሩት እነሱ ናቸው። ብርቱካናማ የለበሱት ይሯሯጣሉ፣ ጥቁር የለበሱት ጠላቂዎች በሁለት የጎማ ጀልባ ባሕሩ ላይ ናቸው፣ መገናኛው ይንጫጫል። ከውኃ የወጡት ሰዎች ብርድ ልብስ ተከናንበው ሲሚንቶው ላይ ተደርድረዋል።

ሲዮን አንድም ሰው አልጠየቀችም። ዓይኗ ጭጋግ ስለሆነ ወደ እያንዳንዱ ብርድ ልብስ ጎንበስ እያለች፣ አፍንጫዋ አፍንጫቸውን እስኪነካ እየተጠጋች ማየት ጀመረች። ይሄ ወንድ ነው። ይቺ የመምህሩ ሚስት ናት። ይሄ ካርዲንግ ነው፣ ጎረቤታችን፤ ምነው ፊቱን አዞረብኝ? ይቺ ልጅ ናት። ይቺ... አይደለችም። እስከ መጨረሻው ደረሰች። ኡርሱላ የለችም።

እንደገና ከመጀመሪያው ልትጀምር ስትዞር ከቴሪንግ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመች።

ቴሪንግ አየቻት። አፏን ከፍታ ጮኸች። ያ ጩኸት ከሰው ጉሮሮ ይወጣል ብሎ የሚያምን የለም። የያዘችው የሾርባ ማሰሮ ሲሚንቶው ላይ ተከሰከሰ፤ እሷም አብራው ወደቀች፤ እያማተበች በቂጧ ወደ ኋላ ተንፏቀቀች።

«ማርያም! የሲዮን መንፈስ! ሳትቀበሪ መጣሽ!»

«ተነሺ አንቺ ቅሌታም፣ ምን መንፈስ ትያለሽ!»

«ሞተሻል እኮ! በድምፅ ማጉያ ስምሽን ሲጠሩት ዋሉ! ሻማ አብርቼልሻለሁ!»

ሲዮን ክው አለች። ሰው የራሱን ሞት ከጎረቤት አፍ ሲሰማ ምን ይላል? በዚያች ቅጽበት ሕዝቡ ዞረ፤ አንዱ «አለች!» አለ፤ ሌላው «ሲዮን አልሞተችም!» ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ በላይዋ ላይ ተረባረቡ። የሚያቅፋት፣ ጉንጯን የሚስማት፣ ክንዷን እየቆነጠጠ ሥጋ መሆኗን የሚያረጋግጠው ብዙ ነው። አርባ ዓመት ሰላም ያላለቻት ሴትዮ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ሲዮን በሰው ትከሻ መሐል ባሕሩን ለማየት ትንጠራራለች። «ልቀቁኝ! ልቀቁኝ እስኪ!» ትላለች። የሚሰማት የለም።

እየገፉ ጆቪታ ጠረጴዛ ፊት አቆሟት። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ያን ስም ስትጠራ ነው የዋለችው።

«ሎላ፣ አያቴ! ኮንሶላሲዮን አቡዳ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፤ ግን...»

«እግዚአብሔር ይመስገን!» ጆቪታ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገች። ሲዮን ማንበብ አታውቅም፤ ምልክቷን ግን ጎንበስ ብላ አየች። ትንሽ ነገር ናት፣ የወፍ እግር የምታህል። «አርባ አራት ከአርባ አራት!» ብላ ልጅቷ ለአዛዡ ጮኸች።

አዛዡ ሻምበል ካቢሊንግ ይባላል፤ አጭር፣ ጨው የላሰው ፊት ያለው ሰው። ትከሻው ከላዩ ላይ ሸክም የወረደለት ይመስል ዝቅ አለ። መገናኛውን አነሳ። «ሁሉም ተገኝተዋል። የመጨረሻዋ ጀልባዋ ሳትነሳ ወርዳ ኖሯል፣ ወደብ ላይ ናት። ፍለጋው አብቅቷል። ጠላቂዎች ተመለሱ፤ ማዶ የሚቃጠል መርከብ አለ፣ ወደዚያ እንነሳለን።»

ባሕሩ ላይ ሁለቱ የጎማ ጀልባዎች አፍንጫቸውን ወደ ወደቡ መለሱ።

ሲዮን የጀልባዎቹን ድምፅ ሰማች። ሞተር ሲሄድና ሲመጣ ድምፁ አንድ አይደለም፤ የባሕር ልጅ ይለየዋል። እየመጡ ነው። «ምን ሆነው ነው የሚመለሱት?» አለች። «ኧረ ምን ሆነው ነው?»

«ጨርሰው ነው ሎላ» አለቻት ጆቪታ እጇን ይዛ። «የጎደሉት እርስዎ ብቻ ነበሩ።»

ያቺ የወፍ እግር የምታህል ምልክት ምን እንደሠራች ሲዮን ገባት። ኡርሱላ ባሕር ውስጥ ናት፤ በሲዮን ስም ሲፈልጓት ውለዋል፤ ሲዮን በእግሯ መጥታ «እኔ ነኝ» ስትል ግን ፍለጋው ቆመ። በዚህ ምድር ላይ ኡርሱላ የምትባል ሴት የጎደለችበት ወረቀት የለም።

«ሰርዢኝ!» አለች።

«ምን አሉ ሎላ?»

«ሰርዢኝ ነው የምልሽ! ያን ምልክት አጥፊው! እኔ ባሕር ውስጥ ነኝ! ሞቻለሁ፣ ፈልጉኝ!»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። «ድንጋጤው አዙሯት ነው» አለ አንዱ። ቀይ መስቀል ያለበት ልብስ የለበሰች ልጅ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ይዛ መጣች። ሲዮን ብርጭቆውን በጥፊ መታችው።

«ስኳርሽን ለራስሽ ጠጪ! አላበድኩም! አንተ አጭሩ፣ ወዲህ ና! በእኔ መታወቂያ የተሳፈረችው ኡርሱላ ናት፣ የባሌ እህት! እኔ ነኝ የሰጠኋት፣ በዚህ እጄ!»

ሻምበሉ ወደ ጆቪታ ዞረ። የልጅቷ ፊት ወረቀት መሰለ። «ጌታዬ፣ መታወቂያውን በዓይኔ አይቻለሁ። ፎቶው...» አለችና የሲዮንን ፊት አየች፤ አተኩራ አየች።

«ሎላ» አለ ሻምበሉ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰዓቱን እያየ። «የተገለበጠችው ጀልባ ሆድ ውስጥ ሁለት ጊዜ ገብተናል። ማንም የለም። ማዶ የሚነድ መርከብ ላይ አሥራ ሰባት ሰው አለ። ለሌለ ሰው ብዬ እዚህ ብቆይ እነሱ ይነዳሉ። አይቻታለሁ የሚል አለ?»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ።

ጀልባዋ ላይ የነበሩት ኡርሱላን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያውቋታል፤ ዓሣ ሸጣላቸዋለች፣ ተሳድባቸዋለች፣ ለቅሷቸው ላይ አልቅሳለች። አንዳቸውም አልተነፈሱ። በሰው ስም የተሳፈረ ከተያዘ ሁለተኛ ጀልባ አይረግጥም፣ ባለ ጀልባውም ፈቃዱን ይነጠቃል። ለዚህ ነው መሬት መሬት የሚያዩት።

ወደ ካርዲንግ ሄደች። ብርድ ልብሱን ከራሱ ላይ ገፈፈችው።

«አንተ! ምነው ቅድም ፊትህን አዞርክብኝ? የት ተቀምጣ ነበር?»

«ማናይ ሲዮን፣ እህቴ... እኔ...»

«የት ተቀምጣ ነበር?!»

ካርዲንግ ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ነው፤ እንደ ሕፃን አንገቱን ደፋ። «ከጎኔ» አለ። «ከጎኔ ነበረች። በአንቺ ስም ሲፈልጓት፣ ፍለጋው ያው ፍለጋ ነው፣ ስሙ ምን ያደርጋል ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ አንቺ መጣሽ። ልናገር ነበር። እኔም በወንድሜ ስም ነው የተሳፈርኩት።»

«በወንድምህ ስም ልትኮነን ኖሯል!» አለች ሲዮን። ወደ ሌሎቹ ዞረች። «እናንተስ? በገዛ ስሙ የተሳፈረ ወንድ አለ እዚህ? ሴትስ? እጅ አውጡ!»

መጀመሪያ አንዲት እጅ ከብርድ ልብስ ውስጥ ወጣች። ቀጥሎ ሌላ። ግን እነዚህ በገዛ ስማቸው የተሳፈሩት አልነበሩም። «እኔ የአክስቴን ስም ነው» አለች የመጀመሪያዋ። «እኔ የአባቴን» አለ ሁለተኛው። «ኡርሱላ ነበረች፣ አይቻታለሁ» አለ ሦስተኛው። አሥራ አንድ እጅ ወጣ። የጆቪታ ብዕር ከእጇ ወድቆ ተንከባለለ፤ አላነሳችውም። ሻምበሉ ያን ዝርዝር አንስቶ አየው፤ ሕይወቱን ሙሉ ያመነበት ነገር ከእጁ ላይ እንደ እርጥብ ብስኩት ሲፈርስ እንደሚያይ ሰው አየው።

ብዙ አላየውም። «ስትገለበጡ የት ሄደች?» አለ ካርዲንግን።

«ጀልባው ሥር አልገባችም። ነጭ ጀሪካን ታቅፋ ነበር። ማዕበሉ ከነጀሪካኑ ወሰዳት። ጠራኋት...»

«የተከደነ ነው?»

«ተከድኗል!» አለች ሲዮን። «ግማሹ ዓሣ፣ ግማሹ አየር ነው። እኔ ነኝ የከደንኩት። እሷ ደግሞ የያዘችውን አትለቅም፤ አርባ ዓመት አውቃታለሁ፣ የያዘችውን ለቃ አታውቅም!»

ሻምበሉ ካርታ ዘርግቶ ጣቱን ወደ ምዕራብ ሰደደ። ሲዮን ካርታ አታውቅም፤ ጣቱ ወዴት እንደሄደ ግን አየች፤ እጁን ያዘችው።

«እዚያ አይደለም። በአምስት ሰዓት ባሕሩ ይሸሽ ነበር። ባሕር በሚሸሽበት ሰዓት ከመሻገሪያው የጠፋ ነገር ሁሉ ወደ ደቡብ ነው የሚሄደው። የጠፋ ባልዲዬን፣ የባሌን ባርኔጣ፣ ነጠላ ጫማዬን፣ ሁሉንም ያገኘሁት ከኩላስ የዓሣ አጥር ላይ ነው፤ ከድንጋዩ ጀርባ፣ ዓሣ ሊይዝ ባሕሩ ውስጥ ቀርከሃ የተከለበት።»

«ሎላ፣ የእኛ ስሌት...»

«የእናንተ ስሌት እኔን ባሕር ውስጥ ሲፈልገኝ ዋለ!»

ሻምበሉ ጣቱን ካርታው ላይ ወደ ደቡብ አዞረ። መገናኛውን አነሳ። አንደኛዋ ጀልባ ማዶ ወደሚቃጠለው መርከብ እንድትሄድ፣ ሁለተኛዋ ወደ ደቡብ እንድትዞር አዘዘ። «የጎደለች አንዲት ሴት አለች» አለ፤ ቆም ብሎ ሲዮንን አያት።

«ኡርሱላ» አለችው። «ኡርሱላ ቢናላይ። ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ስድሳ ሁለት ነኝ ብትላችሁ አትመኗት።»

ፀሐይ ልትጠልቅ ሁለት ሰዓት ቀርቷታል። ሲዮን ሲሚንቶው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ አላለቀሰችም፣ አልጸለየችም። እጇን ስታይ ከደሴቱ ጫፍ ጀምሮ የያዘችው ደረቅ ዓሣ አሁንም መዳፏ ውስጥ ነው፤ አድቅቃዋለች። ቴሪንግ መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለችና ያን ዱቄት ከመዳፏ አራገፈችላት። ጆቪታም ከወዲያ ማዶ ቆማለች። ሲዮን ልጅቷን አየቻትና «ያንቺ ጥፋት አይደለም» ልትላት ፈለገች፤ ግን ትንሽ ጥፋቷም ነበርና አላለችም።

በአሥራ አንድ ሰዓት ገደማ መገናኛው ተንጫጫ። ሻምበሉ ጆሮው ላይ ለጥፎ አዳመጠ፤ ደገመውና አዳመጠ። ከዚያ ወደ ሲዮን ሳይዞር «ኩላስ ማለት ማነው?» አለ።

«ምን ሆኗል?»

«አጥሩ ላይ ሴት አግኝተዋል። ኩላስን ትሳደባለች።»

ሲዮን የቴሪንግን ትከሻ ተደግፋ ተነሳች።

በቃሬዛ አወጧት። የሚያብለጨልጭ ወረቀት የመሰለ ነገር ጠቅልለዋታል፤ ከንፈሯ ሰማያዊ ነው፤ ጥፍሮቿ ተነቃቅለው ደም ጨርሰዋል፤ በዚያ ደም በጨረሰ እጇ ነጩን ጀሪካን አንቃዋለች። ሊያስለቅቋት ሦስት ጠላቂ ሞክሮ አልቻለም። ጆቪታ ብዕሯን አንስታ ቀረበች። በዚህ ጊዜ ከባለስሙ አፍ ሳትሰማ የምትጽፈው ስም የለም።

«ሎላ፣ ስምዎ ማን ነው?»

የኡርሱላ ጥርስ ተንገጫገጨ። ከስድስት ሰዓት ባሕር በኋላ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ጠዋት የተዋሰችውን አልረሳችም።

«ኮንሶላሲዮን... አቡዳ» አለች።

ካርዲንግ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሳቀ፤ ሳቁ ወዲያው ለቅሶ ሆነ። ሲዮን ቃሬዛው ላይ ጎንበስ አለች፤ አፍንጫዋ አፍንጫዋን እስኪነካ። ኡርሱላ ናት።

«ውሸቷን ነው። ኡርሱላ ብለሽ ጻፊ» አለች ለጆቪታ። «ስሜን መልሺ፣ አንቺ ሌባ።»

ኡርሱላ ዓይኗን ገለጠች። ብዙ ፈለገቻት፤ አገኘቻት። «ልጄስ?»

«ወልዳለች» አለች ሲዮን። አታውቅም። ከጠዋት ጀምሮ ስልክ አላየችም።

«ሳህኑንስ?» አለች ኡርሱላ። ድምፅ አልነበራትም፤ ከንፈሯ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። «አዞርሽልኝ?»

ሲዮን በምላሷ ያልገረፈችው ሰው የለም፤ ዋሸች ተብላ ግን በሰባ አንድ ዓመቷ ታምታ አታውቅም። ይኸው በአንድ ትንፋሽ ሁለት ውሸት ሊሆንባት ነው።

«ገና በሩን ሳትወጪ» አለች።

ኡርሱላ ጀሪካኑን ለቀቀችው።

በቃሬዛው ወደ ድንኳኑ ይዘዋት ሲገቡ ሲዮን አልተከተለችም። ሰው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሲተም፣ እሷ በጭጋጋም ዓይኗ በሌላው በኩል ወደ ቤቷ አዘገመች፤ ከዚያ ፈጠን አለች፤ ከዚያ ሮጠች። ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ የሩዙ ቅርፊት ደርቆበታል፣ ዝንብ ወሮታል። በሁለት እጇ ያዘችው። አንድ ሙሉ ዙር አዞረችው። ቆመችና አየችው፤ በቂ አልመሰላትም።

ሌላ አንድ ዙር አዞረችው።